አንድም… አንድም…፦ የሊቃውንትን ሐሳብ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ትርጓሜዎች ታሪክ

ወዳጆች፣ እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምርና ወደ ታሪኩ እንግባ። በኪሳችሁ ያለው ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ይበቃል እንበል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናችሁ፣ ወይም ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ትመራላችሁ፣ ወይም ደግሞ እንዲሁ ማንበብ ትወዳላችሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ልትገዙ መጽሐፍ መደብር ገባችሁ። ሁለት ወፋፍራም ጥራዞች ቀረቡላችሁ። አንደኛው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ትርጉሙ ይህ ነው» እያለ ይነጉዳል። ሌላኛው ደግሞ «እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ግን እንዲያ ይላል፣ ምክንያታቸውም ይህና ይህ ነው» እያለ የብዙ ሊቃውንትን ሐሳብ ሰብስቦ፣ አሳጥሮ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የትኛውን ታነሣላችሁ?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ነው የምናነሣው። ቁርጥ ያለ መልስ ደስ ይላል፤ ጊዜም ይቆጥባል። እኔ ግን ገንዘቡ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከበቃ ሁለተኛው ይቅደም ባይ ነኝ። ይህንን የምለው የዘመኑ ፋሽን ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከ1,500 ዓመት በላይ ታሪክ አለው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥም የእኛ አገር ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ነገሩ በደመና ላይ እንዳይቀር አንዲት ጥቅስ ይዘን እንጓዝ።

አንድ ጥቅስ፣ ሦስት መልስ

ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ቁጥር 2ን ታስታውሷታላችሁ። የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የሰዎችን ሴቶች ልጆች ውበት አይተው ከመረጧቸው ሁሉ እንዳገቡ የሚተርከው ነው። ከዚያ በኋላ የጥፋት ውኃ ይመጣል። እነዚህ «የእግዚአብሔር ልጆች» እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው መልስ መላእክት ናቸው የሚለው ነው። መጽሐፈ ሄኖክ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው ሚስቶች እንዳገቡ ይተርካል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጦስና ከእሱ በኋላ የመጣው ተርቱልያኖስም በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

ሁለተኛው መልስ የሴት ልጆች ናቸው የሚለው ነው። (ሴት ስል የአዳምን ልጅ ሴትን ማለቴ ነው፤ በአማርኛ ቃሉ ያምታታል።) ደጋጎቹ የሴት ዘሮች ከቃየን ዘር ጋር ተደባለቁ፣ በዚህም ዓለም ከፋች ማለት ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዩልዮስ አፍሪካኖስ ይህን ጻፈ፤ ሶርያዊው ኤፍሬምና የሂፖው አውግስጢኖስም ተከተሉት።

ሦስተኛው መልስ የመኳንንትና የዳኞች ልጆች ናቸው የሚለው ሲሆን፣ በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በጉልበታቸው የደኻውን ልጅ የሚነጥቁ ባለሥልጣናት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቃ ያቆየችው ቋንቋ ግእዝ ብቻ ናት። ሄኖክ መላእክት ናቸው ይላል። ክብረ ነገሥትም በ100ኛው ምዕራፉ ከክብራቸው ወድቀው ሥጋ ለብሰው ከቃየን ልጆች ጋር ስለተደባለቁ መላእክት ያወራል። ገድለ አዳም ግን በደብር ቅዱስ ይኖሩ የነበሩት የሴት ልጆች ናቸው ይላል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጎልቶ የሚሰማውም ይኸው ነው። አያችሁ? በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ ቋንቋ፣ ሁለት መልስ ጎን ለጎን ኖሯል። አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ ማብራሪያ የገዛ ሰው ግን ከሦስቱ አንዱን ይዞ ይወጣና ሌሎቹን የሰማ ዕለት «ይሄ ከየት የመጣ ክሕደት ነው?» ብሎ ይነሣል። ጠቡ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሰንሰለት ሠሪዎቹ

የሊቃውንትን ሐሳብ በአንድ ገጽ የመሰብሰብን ሥራ ማን ጀመረው ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚጠራው የጋዛው ፕሮኮፒዮስ ነው። ዛሬ ስሟን ከጦርነት ጋር ብቻ የምንሰማት ጋዛ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የትምህርት ከተማ ነበረች። ፕሮኮፒዮስ (በ528 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈ) ከኦሪት ጀምሮ የቀደሙ አባቶች የጻፉትን ትርጓሜ ሰበሰበ። በመቅድሙ ላይ ሥራውን እንዴት እንደሠራ ይናገራል፦ መጀመሪያ የሁሉንም ቃል እንዳለ ሰበሰበ፤ መጽሐፉ ከልክ በላይ ሰፋ፤ ስለዚህ የሚስማሙትን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ የሚለያዩትን ለይቶ በማስቀመጥ አሳጠረው። ልብ በሉ፤ ዛሬ «የንጽጽር ማብራሪያ» የምንለው ነገር አሠራር በሙሉ በዚህች መቅድም ውስጥ አለ።

ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ በላቲን «ካቴና» ተባለ፤ ሰንሰለት ማለት ነው። አንዱ አባት ከሌላው ጋር እንደ ቀለበት ተያይዞ ይሄዳላ! የሰንሰለቱ ትልቁ ውለታ ግን ሌላ ነው። በ553 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተወገዙት አንዱ አርጌንስ (ኦሪጀን) ነበር። ከዚያ በኋላ የግሪክኛ ጽሑፎቹ አብዛኞቹ ጠፉ። ዛሬ ከእሱ ትርጓሜዎች በግሪክኛ ከተረፉት ብዙዎቹ የተገኙት በእነዚህ ሰንሰለቶች ውስጥ ተቆራርጠው ነው። አሳጣሪው ሰው «ይሄ የተወገዘ ነው» ብሎ ሁሉንም ቢጥል ኖሮ እኛ ዘንድ የሚደርስ አይኖርም ነበር።

በምዕራቡ ዓለም ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የላኦኑ አንሴልም (በ1117 እ.ኤ.አ. ያረፈ) እና ጓደኞቹ «ግሎሳ ኦርዲናሪያ» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የቅዱሱ መጽሐፍ ቃል በገጹ መካከል በትልልቁ ይጻፋል፤ በኅዳጉና በመስመሮቹ መካከል የአባቶች ትርጓሜ በትንንሹ ይሞላል። የምዕራብ አውሮፓ ተማሪ ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበው እንዲህ በሊቃውንት ተከብቦ ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ አንድ ችግር ነበረበት፦ ማን ሰበሰበው የሚለው ተረስቶ ለረጅም ጊዜ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለዋላፍሪድ ስትራቦ ሲሰጥ ኖረ። የአሰባሳቢው ማንነት ካልታወቀ የምርጫው ሚዛንም አይታወቅም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ1260ዎቹ ቶማስ አኲናስ በሮማው ጳጳስ በኡርባኖስ 4ኛ ጥያቄ በአራቱ ወንጌላት ላይ «የወርቅ ሰንሰለት» የተባለውን አዘጋጀ። ቶማስ ከላቲኖቹ አባቶች ጋር ብቻ አልቆመም፤ የግሪኮቹን ትርጓሜዎች ወደ ላቲን አስተርጉሞ አስገባ፤ የእያንዳንዱንም ባለቤት ስም ከቃሉ ፊት ጻፈ። ምሥራቅና ምዕራብ ከተለያዩ 200 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው! ቤተ ክርስቲያናቱ በአንድ ጠረጴዛ ባይቀመጡም አባቶቻቸው በአንድ ገጽ ተቀመጡ።

«ሌላ ነገር»

በአይሁድ ዘንድ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የሰነበተ ልማድ አለ። የረቢዎቹ መጻሕፍት አንድ ትርጓሜ ሰጥተው ሲያበቁ «ዳቫር አሔር» ይላሉ፤ «ሌላ ነገር» ማለት ነው። ከዚያም ሁለተኛውን ይቀጥላሉ። የእኛን አንድም አያስታውሳችሁም?

ፈረንሳዊው ራሺ (1040–1105 እ.ኤ.አ.) በያዝናት ጥቅስ ላይ ያደረገውን እዩ። መጀመሪያ የመኳንንትና የዳኞች ልጆች ናቸው ይልና፣ «ዳቫር አሔር» ብሎ መላእክት ናቸው የሚለውንም ያስቀምጣል። ሁለቱንም ትቶልን ይሄዳል። የልጅ ልጁ ራሽባም ደግሞ አያቱ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ በየቀኑ በሚታደሰው የግልጽ ንባብ ትርጓሜ መሠረት ሌላ ማብራሪያ ይጽፍ እንደነበር እንደነገረው መዝግቧል። ሊቅ ማለት እንዲህ ነው! በዘመኑ አቻ ያልነበረው መምህር የገዛ ሥራውን «ገና አላለቀም» ሲል።

በ1516 እና 1517 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ቦምበርግ የተባለ ክርስቲያን አሳታሚ በቬኒስ የዕብራይስጡን መጽሐፍ ቅዱስ ከትርጓሜዎቹ ጋር አተመ። በ1524 እና 1525 ደግሞ በያዕቆብ ቤን ሐይም አዘጋጅነት ሁለተኛው እትም ወጣ። «ሚቅራኦት ግዶሎት» የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ራሺ በአንድ በኩል፣ ኢብን ዕዝራ በሌላ በኩል ሆነው ይከራከራሉ። አይሁዳዊ ተማሪ ዛሬም በዚሁ መልክ ያነባል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያየው ገጽ «ሊቃውንት ይለያያሉ፤ ተለያይተውም በአንድ ቤት ይኖራሉ» ይለዋል።

የእኛው ገጽ

አሁን ወደ ጎንደር እንግባ። በግእዙ ንባብ ላይ የሚነገረው የአማርኛ ትርጓሜ መልክ የያዘው በጎንደር ዘመን ነው። የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፦ አንዱ ተማሪ ንባቡን ያነባል፣ የኔታ ይተረጉማሉ። መጀመሪያ ግእዙ በአማርኛ ይፈታል፤ ቀጥሎ ሐተታ አለ፣ ታሪክ አለ፤ ከዚያም «አንድም» ተብሎ ሁለተኛው መልስ ይመጣል፣ «አንድም» ተብሎ ሦስተኛው። አንዳንዴ አንዲት ቃል አምስትና ስድስት አንድም ትጠግባለች። ተማሪው ይህን ሁሉ የሚይዘው በቃሉ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደሩ መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን አርመው ሲያስተካክሉ ደግሞ የቀድሞው «ላይ ቤት»፣ የእሳቸው «ታች ቤት» ተባለ። ልዩነቱ ራሱ ስም ወጥቶለት፣ ቤት ተሠርቶለት ኖረ።

ይህ ትርጓሜ ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የአንድምታውን ሥር ተከትሎ ሄዷል። ያገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ከአንድምታው ምንጮች አንዱ ኢብን አጥ-ጠይብ (በ1043 እ.ኤ.አ. ያረፈ) የሚባል የባግዳድ ሰው ነው፤ ሐኪም፣ ፈላስፋና ቄስ። እሱ ራሱ በዐረብኛ የጻፈው የቀደሙትን እየሰበሰበና እያሳጠረ ነበር፤ ከሰበሰባቸውም መካከል የ9ኛው ክፍለ ዘመኑ የመርቩ ኢሾዳድ ይገኛል፤ ከእነሱም ጀርባ ታላቁ የአንጾኪያ ትምህርት ቤት ተርጓሚ የመፕስስትያው ቴዎድሮስ አለ። የባግዳዱ ሐኪም ሥራ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ከግእዙም በጉባኤ ቤት በኩል ወደ አማርኛ አንድምታ ገባ።

ችግሩ የቱ ጋር ነው? ኢብን አጥ-ጠይብም ኢሾዳድም እኛ ንስጥሮሳዊ ከምንላት ከምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን ናቸው! ቴዎድሮስ በ553ቱ ጉባኤ የተወገዘ፣ አባታችን የምንለው የእስክንድርያው ቄርሎስም ተቃውሞት የጻፈበት ሰው ነው። በትምህርተ ሥጋዌ ከእነሱ ጋር በፍጹም የማትስማማ ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ንባብ ላይ የሰጡትን ማብራሪያ በጓዳዋ አኑራ ለልጆቿ ስታስተምር ኖራለች።

ይህ በብሉይና በሐዲስ ብቻ የቀረ አይደለም። ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ማር ይስሐቅ ማለት የነነዌው ይስሐቅ ነው፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከቀጠር አካባቢ ተነሥቶ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የሆነ፣ የዚያችው የምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን ሰው። ፊልክስዩስ ስሙ የመቡጉ ፊልክስዩስ ቢሆንም ሥራው የቀጠሩ ዳዲሾ መሆኑን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። አረጋዊ መንፈሳዊም የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያዊ መነኩሴ ነው፤ እሱም ከዚያው። የዋልድባ መነኩሴ ከቀጠር በረሃ የመጣ ቃል እየበላ ነው የጾመው።

ታዲያ ይህ ውርደት ነው ወይስ ክብር? እኔ ክብር ነው እላለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አለ፤ አንድምታው ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን ስም አይጠራም። ሐሳቡን ያስቀምጣል፣ «አንድም» ይላል፣ ያልፋል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን የባግዳዱን ሐኪም ሳናውቀው ኖርን። ስሙ ቢጠራ ኖሮ ምናልባት በሩ ላይ ይመለስ ነበር። ስም አለመጥራቱ እንግዳውን አስገባው፤ ዳሩ ግን እኛን የታሪካችንን ግማሽ አስረሳን።

ሥራውን ያጣው ቄስ

አንድ የአውሮፓ ሰው ልጨምር። ማቲው ፑል የለንደን ቄስ ነበር። በ1662 እ.ኤ.አ. መንግሥት የአምልኮውን ሥርዓት አንድ ወጥ ላድርግ ብሎ ሕግ ሲያወጣ እምቢ ካሉት ወደ 2,000 ከሚጠጉ አገልጋዮች አንዱ ሆነና ከሥራው ተባረረ። ሥራ ፈትቶ ምን አደረገ? በ1666 ጀምሮ ለ10 ዓመት የሊቃውንትን ትርጓሜ ሲሰበስብና ሲያሳጥር ቆየ። ከ1669 እስከ 1676 በላቲን አምስት ትልልቅ ጥራዝ አወጣ። የፕሮቴስታንቱን ብቻ አይደለም፤ የካቶሊኩንም የረቢዎቹንም አስገብቶ ነው።

ይታያችሁ፤ ሰዎች በሃይማኖት ልዩነት በሚታሰሩበት አገር፣ በልዩነቱ እንጀራውን ያጣ ሰው የሁሉንም ሐሳብ በአንድ መጽሐፍ አስቀመጠ። ፑል በ1679 በስደት አምስተርዳም ውስጥ ሞተ። ለተራው አንባቢ በእንግሊዝኛ የጀመረው ማብራሪያ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ቆሞ ወዳጆቹ ጨረሱለት።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

በዘመናችን የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሞልቷል። በ1895 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዓለም አቀፍ ሂሳዊ ማብራሪያ የተባለው የእንግሊዝኛ ተከታታይ አለ፤ ከ1982 ጀምሮ የወጣው «ወርድ» ተከታታይ አለ፤ ከ1998 እስከ 2010 በ29 ጥራዝ የታተመውና የጥንት አባቶችን ቃል በየቁጥሩ የሚደረድረው ዘመናዊ «ሰንሰለት» አለ። በ2006 ደግሞ 70 አፍሪካውያን ምሁራን የጻፉት የአፍሪካ መጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ በአንድ ጥራዝ ወጥቷል። በአማርኛም የታተሙት አንድምታዎቻችን አሉ። ስለዚህ ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ከላይ ያየነው ታሪክ አምስት ጥያቄ ያስጠይቀናል።

አንደኛ፣ ስም ይጠራል ወይ? «አንዳንዶች ይላሉ» የሚል መጽሐፍ ወደ ምንጩ አያደርሳችሁም። ቶማስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስም ከጠራ የዛሬው ጸሐፊ ምን ያግደዋል?

ሁለተኛ፣ የማይስማማበትን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» በሚለው መልክ ያቀርባል ወይ? ተቃዋሚውን አሳንሶ አቅርቦ መጣል ንጽጽር አይባልም።

ሦስተኛ፣ ምክንያት ይሰጣል ወይ? ስንት ሊቅ በየትኛው ወገን እንዳለ መቁጠር ብቻ አይበቃም። ከቋንቋው ነው? ከጥንት ቅጂዎች ልዩነት ነው? ከታሪክ ነው? መዛኙ እናንተ እንድትሆኑ ሚዛኑ ሊሰጣችሁ ይገባል።

አራተኛ፣ አሰባሳቢው ራሱ የት እንደቆመ ይናገራል ወይ? ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው። የሚመርጥ ሰው ሁሉ ይጥላል፤ የሚያሳጥር ሁሉ ይቆርጣል። አቋም የለኝም የሚለው ሳይሆን አቋሙን ነግሮን ሌላውንም በሐቅ የሚያሳየን ይሻላል።

አምስተኛ፣ መቼ ተጻፈ? የሙት ባሕር ጥቅልሎች መገኘት የጀመሩት በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመካከላቸው ያሉት የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች በሰፊው የታተሙት ደግሞ በ1976። ከዚያ በፊት የተጻፈ ማብራሪያ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን ይህን አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለማስታወስ ከከበዳችሁ ቀላል ዘዴ ላካፍላችሁ። መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ እንደቆማችሁ ዘፍጥረት 6፥2ን ግለጡ። መላእክቱንም፣ የሴትን ልጆችም፣ መኳንንቱንም ከነምክንያታቸው ካገኛችሁ መጽሐፉን ይዛችሁ ወደ ሒሳብ ሂዱ። አንዱን ብቻ ካገኛችሁና ሌሎቹ መኖራቸው እንኳ ካልተነሣ መልሱት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ይህ ሁሉ ሐሳብ ምእመኑን አያደናግርም ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ተመልከቱ፤ የጉባኤ ቤት ተማሪ በአንድ ቃል ላይ ስድስት አንድም ይዞ ያድራል፣ ጠዋት ኪዳን ያደርሳል፣ ሃይማኖቱም አልተናጋም። የእምነቱ መሠረትና የአንድ ቁጥር ትርጓሜ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ገና በልጅነቱ ተምሯል። የሚደናገረውስ አንድ መልስ ብቻ ይዞ ያደገውና አንድ ቀን ሁለተኛውን በድንገት የሚሰማው ነው። ያ ሰው ወይ ይጣላል ወይ ይክዳል፤ መሐል መንገድ አላሳዩትማ!

አሁን አሁን የሃይማኖት ክርክራችን በየስልካችን በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ የሚካሄድ ሆኗል። አንዱ አንድ ጥቅስ መዝዞ ይወረውራል፣ ሌላው ሌላ መዝዞ ይመልሳል፣ ሁለቱም «ትርጉሙ ይህ ብቻ ነው» ይላሉ። እነዚህ ልጆች የየኔታዎቹ የልጅ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ ይገርመኛል። አያቶቻቸው በዶግማ ሳይደራደሩ የባግዳዱን ንስጥሮሳዊ ትርጓሜ በአንዲት ቃል ተቀብለው ጉባኤ ላይ አስቀምጠውት ነበር፦ አንድም።